የቀረውን ለባሹ ይጨርሰዋል

በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ፣ በኢስተን የገበያ ማዕከል ጎዳናዎች እሑድ ከቀትር በኋላ ሁለት ዓይነት ልብስ ጎን ለጎን ይታያል። አንዱ ከመደብሩ መስታወት ጀርባ የቆመው የሱፍ ኮት ነው፤ ትከሻው የተስተካከለ፣ ወገቡ ገባ ያለ፣ ሰው ባይኖርበትም የሰው ቅርጽ ያለው። ሌላው ከቅዳሴ ወጥተው፣ ልጆቻቸው አይስክሬም ስላማራቸው ጎራ ያሉ እናቶች የለበሱት ነጠላ ነው፤ ከትከሻ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ አራት ማዕዘን ጨርቅ ብቻ የሚሆን። ሁለቱም የረቀቀ እጅ ያረፈባቸው ሥራዎች ናቸው። ሙያው የተቀመጠበት ቦታ ግን ይለያያል። የኮቱ ሙያ ልብስ ሰፊው ዘንድ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። የነጠላው ሙያ ሸማኔው ዘንድ ይጀመራል፤ የሚጠናቀቀው ግን ለባሹ ላይ ነው።

ኢስተን ይህን ለማየት የሚመች ቦታ ነው፤ ኮሎምበስ ራሷ በተሰፋ ልብስ ንግድ ያደገች ከተማ ናትና። የገበያ ማዕከሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከመሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከሞርስ ጎዳና አጠገብ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የታጨቀ ሳይሆን የድሮ የአሜሪካ ከተማ እንዲመስል መንገድና አደባባይ ተደርጎለት የተሠራ ነው። የከተማዋ የልብስ ታሪክ ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ሳይመን ላዛረስ የተባለ ከጀርመን ምድር የመጣ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1851 በመሀል ኮሎምበስ አንዲት የወንዶች ልብስ መሸጫ ከፈተ። በዚያ ዘመን ጥሩ ልብስ የፈለገ ሰው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ፣ ተለክቶ ነበር የሚያሰፋው። ከ1861 እስከ 1865 በቆየው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ግን ለብዙ መቶ ሺህ ወታደር የደንብ ልብስ በአንድ ጊዜ መስፋት ግድ ሆነ። የወታደሮቹ ልክ ሲጠራቀም የሰው ገላ በጥቂት ቁጥሮች ሊመደብ እንደሚችል ታየ። ከጦርነቱ በኋላ የላዛረስ ቤት ተሰፍቶ የተዘጋጀ የወንድ ልብስ እየሸጠ አደገ፤ ከመቶ ዓመት በላይም የኮሎምበስ ሰው ልብስ የሚገዛበት ስመ ጥር መደብር ሆኖ ኖረ። በ1963 ደግሞ ሌስሊ ዌክስነር ከአክስቱ በተበደረው 5000 ዶላር አፐር አርሊንግተን ውስጥ «ዘ ሊሚትድ» የተባለውን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ሱቅ የወጣው ኩባንያ ነው ኋላ ኢስተንን ካለሙት አንዱ የሆነው። በአቅራቢያዋ በኒው ኦልባኒም የአበርክሮምቢ ኤንድ ፊች ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል።

ዛሬ በኢስተን መደብር የኮት ገበር ላይ 40 የሚል ቁጥር ቢታይ የደረት ዙሪያ ልክ ነው፤ በኢንች። አብሮት የተሰቀለው ሱሪ ብዙውን ጊዜ ወገቡ 34 ነው፤ ከደረት ወደ ወገብ ስድስት ኢንች እንደሚቀንስ ታስቦ። ኮቱ ገዢውን ሳያየው ስለ ገዢው አስቦ ጨርሷል።

የኮትን ሥራ ለመመርመር የደረቱን ጨርቅ ከቁልፉ ከፍ ብሎ ከውጭና ከውስጥ በሁለት ጣት ይዞ ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ይበቃል። በጥሩ ኮት በሁለቱ ጣቶች መካከል ሦስተኛ ነገር ሲንሸራተት ይሰማል። ከፊት ሱፉ አለ፣ ከኋላ ገበሩ፣ መሀል ላይ ደግሞ ከፈረስ ጭራ ጸጉር ጋር የተሸመነ ጠንከር ያለ ጨርቅ። ገዢው በዕድሜው ሙሉ የማያየው ይህ ጨርቅ ነው የኮቱን ደረት የሚያቆመው። ከሱፉ ጋር የተያያዘው ላላ ባለ የእጅ ስፌት ስለሆነ ሁለቱ ጨርቆች አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከለባሹ ደረት ጋርም እየቆዩ ይላመዳሉ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን አብዛኛው የፋብሪካ ኮት የሚሠራው በሙጫና በሙቀት እየተለጠፈ ነው። ሲገዛ ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚታየው ልብሱ ላውንደሪ ቤት ከተመላለሰ በኋላ ነው፤ ሙጫው እዚህም እዚያም ይለቅና ደረቱ ላይ ጨርቁ እብጥ እብጥ ይላል።

ከኮሌታው ወርዶ ደረት ላይ የሚታጠፈው ክፍል የልብስ ሰፊው ትልቁ መፈተኛ ነው። በካውያ ብቻ ከተጫነ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ በእጅ ከተሠራ ግን ከላይኛው ቁልፍ አጠገብ ለስለስ ብሎ ይጠቀለላል እንጂ አይሰበርም። ምስጢሩ ውስጥ ነው። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ሰያፍ ስፌቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ውስጠኛውን ጨርቅ ከሱፉ ጋር ያያይዛሉ፤ መርፌው ሱፉን የሚነካው በአንዲት ክር ያህል ብቻ ስለሆነ ከውጭ ምንም አይታይም። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰፋ ጨርቁን ዘርግቶ አይደለም፤ በጣቱ ላይ አጥፎ ይዞ ነው። መታጠፉ ከስፌቱ ጋር አብሮ ይገባል፤ ስለዚህ ኮቱ ተሰቅሎም ቢከርም፣ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ቢገባም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ቀጥሎ ትከሻው ይታይ። የእጅጌው አፍ ሆን ተብሎ ከብብቱ ክብ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ ቦታ እንዲያገኝ። ትርፉ ግን ሳይሸበሸብ መግባት አለበት። ሱፍ በእንፋሎት ስለሚሰበሰብ ጎበዝ ሰፊ ትርፉን እያሞቀ፣ በጣቱ እየገፋ ጥቂት በጥቂት ያስገባዋል። ባለመስመር ጨርቅ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ከትከሻ ወደ ኮሌታ፣ ከደረት ወደ ኪስ ክዳን ሳይቋረጥ እንዲያልፍ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ተመዝኖ ይቆረጣል። ለዚህ ብዙ ጨርቅ ይባክናል፤ ርካሽ ኮት ላይ መስመሩ ኪሱ አፍ ላይ ደርሶ የሚሰበረውም ባለፋብሪካው ያንን ጨርቅ ለማትረፍ ሲል ነው። የሱሪው የኋላ ስፌት ቢገለበጥ ደግሞ ጥሩ ሰፊ ከሁለቱም ወገን ትርፍ ጨርቅ ትቶ ይገኛል። የሰው ወገብ ባለበት እንደማይቆም ያውቃል።

እንደ ኖርድስትሮም ባሉ መደብሮች ልብስ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች አሉ። ገዢው መስታወት ፊት ይቆማል፤ ባለሙያዋ በእስፒልና በጠመኔ እጅጌውን ታሳጥራለች፣ የሸሚዙ ጫፍ ግማሽ ኢንች ያህል ብቅ እንዲል። ኮሌታው ከሸሚዙ ኮሌታ ተለይቶ ክፍተት ቢፈጥር ኋላውን ታነሳለች። ከዚያ በኋላ ለለባሹ የሚቀረው እጁን ማስገባትና ቁልፍ መቆለፍ ነው፤ እሱም የታችኛውን ሳይቆልፍ መተው የተለመደ ነው።

እንግሊዝኛ ለመልበስ አንድ ግስ የሚበቃው ለዚህ ይመስለኛል። «ዌር» ይላል። ባርኔጣም፣ ጫማም፣ ቀለበትም፣ መነጽርም፣ ቀበቶም በዚሁ ግስ ይገዛሉ። ሽቶም እንዲሁ። ፂምና ፈገግታ እንኳ «ዌር» ይደረጋሉ። ያው ግስ ጨርቅ ሲሳሳና ሲነትብ፣ የጫማ ሶል ሲያልቅም ያገለግላል፤ መልበስና ማለቅ በአንድ ቃል ተጠቃልለዋል። ለባሹ በልብሱ ላይ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ እጁ ምን እንደሠራ የሚለይ ግስ አላስፈለገውም።

በአንጻሩ የሠሪው እጅ በቃላቱ ውስጥ ሞልቷል። «ቴለር» የሚለው የልብስ ሰፊ ስም መቁረጥ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። «ድረስ» ዛሬ የሴት ቀሚስ ቢሆንም መነሻው ማቅናትና ማሰናዳት ነው፤ ወታደር ሰልፉን ሲያስተካክል፣ ሐኪም ቁስል ሲያሽግ፣ ግንበኛ ድንጋይ ሲጠርብ፣ ወጥ ቤት ሰላጣ ላይ ዘይትና ሎሚ ሲያደርግ ሁሉም በዚሁ ግስ ይነገራሉ። ሙሉ ልብስ የሚባልበት «ሱት» መከተል ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ኮትና ሱሪ ከአንድ ጨርቅ ተቆርጠው ስለሚከታተሉ። የካርታ አራቱ ወገኖችም፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ክስም፣ መስማማትና መግጠምም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ይህ የቃላት ሀብት ኢስተን መደብር ውስጥ ኢትዮጵያዊውን የሚያደናግርበት ጊዜ አለ። በእንግሊዞች መጽሐፍ የተማረ ሰው ሱሪን «ትራውዘርስ» ብሎ ያውቃል፤ አሜሪካዊው «ፓንትስ» ይለዋል፤ ይኸው ቃል ለንደን ላይ የውስጥ ሱሪ ነው። «ቬስት» ለንደን ላይ ካናቴራ፣ ኮሎምበስ ላይ ሰደርያ ነው። «ጃምፐር» እዚያ ሹራብ፣ እዚህ በሸሚዝ ላይ የሚደረብ እጅጌ አልባ ቀሚስ። የሁለቱ አገር ሰዎች የሚለያዩት በዕቃው ስም ነው። ዕቃው ገላ ላይ ስለሚውልበት መንገድ ግን ሁለቱም «ዌር» ብለው ያልፋሉ።

ወደ ነጠላው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል።

ሥራው ከጥጡ ይጀምራል። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። መፍተል በባህሉ የሴቶች፣ መሸመን የወንዶች ሙያ ሆኖ ኖሯል። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንድ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፤ ጠለቅ ብሎ ለሚያይ ዓይን የፈታዪዋ ጣት የቱ ጋ እንደጠበቀና የቱ ጋ እንደላላ ጨርቁ ላይ ይታያል። ዛሬ በብዛት ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ድር ሲወጠርና ሲጎተት ስለሚውል ጥንካሬ ይፈልጋል፤ ማግ ግን ሳይጨነቅ በድሩ መካከል ይተኛል። ነጠላውን የሚያለሰልሰውም ይኸው ያልተጨነቀ ፈትል ነው፤ በታጠበ ቁጥርም ይብስ ይለሰልሳል።

ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። አንዱ እግር ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሳል፤ ሌላው ሲረግጥ ግማሹ ይወርድና ቦታ ይለዋወጣሉ። በተከፈተው መሀል መወርወሪያው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ማጉ ይመታል፤ እግር ይቀየራል። የጨርቁ ስፋት ከዚህ እንቅስቃሴ አይበልጥም፤ መወርወሪያውን በምቾት ወርውሮ ለመቀበል ክንዱ በሚደርስበት ልክ ይወሰናል። ሰፋ ያለ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ስፋት ጎን ለጎን ይጋጠማል፤ የጥሩ መጋጠሚያ ምልክቱ ተፈልጎ መገኘቱ ነው። ጋቢ እስከ አራት እጥፍ ይደረባል፤ ኩታ ከነጠላ ይወፍራል፤ ነጠላ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይሳሳል።

ጥለቱ የሸማኔው የግሉ ፊርማ ነው። ባለቀለሙ ክር ከማጉ ጋር በጣት እየገባ፣ ድሩ እየተቆጠረ ይሠራል፤ ይህን ያህል ክር ይነሳል፣ ይህን ያህል ይታለፋል። ብዙ ሸማኔ ፊት ለፊቱ የተዘረጋ ሥዕል የለም፤ ቁጥሩ በልቡ ነው። ድርና ማግ የሚገናኙት በቀጥታ ማዕዘን ስለሆነ ሸማኔ ክብ መሥራት አይችልም፤ መስቀሉም ሆነ አልማዝ መሳዩ ቅርጽ ጠርዙ በደረጃ በደረጃ ይወጣል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ደረጃው ይቆጠራል፤ ከሦስት እርምጃ ርቀት ግን ዓይን አገናኝቶ ሰያፍ መስመር ያደርገዋል። ጎበዝ ሸማኔ ይህን ርቀት ያውቀዋል፤ ደረጃውን የሚያሳንሰውም የሚያስረዝመውም ልብሱ ከሩቅ እንደሚታይ አስቦ ነው። ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ጫፍ ላይ የተረፈው የድር ክር በጣት እየተገመደ ይቋጫል፤ ንግግርና ጽሑፍ «ተቋጨ» የምንለው ከዚህ ሥራ ተውሰን ነው።

በአዲስ አበባ የዚህ ሙያ ዋና መናኸሪያ እንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ ነው። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። የአሜሪካ ኤምባሲም በዚያው በእንጦጦ መንገድ ላይ ስለሆነ ኮሎምበስ የደረሰ ብዙ ሰው ቪዛ ሊጠይቅ የተሰለፈው ከሸማኔዎቹ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሻንጣው ውስጥ የገባው ነጠላ ከዚያ ቢገዛ አይገርምም። አገሩ ግን ሸማውን እየለበሰ ሸማኔውን ሲንቅ የኖረ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የከለከሉት ስድቡ ሥራውን እየገደለ መሆኑን አይተው ነው፤ ከተጠቀሱት ስድቦች አንዱም ሸማኔው የሚሰደብበት «ቁጢት በጣሽ» ነበር።

ከሸማኔው እጅ የወጣ ነጠላ ግን ገና ልብስ አልሆነም። ቁልፍ የለውም፤ እጅጌ የለውም፤ ፊቱና ኋላው አልተለየም። ኮቱ በመርፌ የጨረሰውን ሁሉ ነጠላው ለለባሹ እጅ ትቶታል። ለባሹ የሚሠራው ሥራም ስም ያለው፣ ሕግ ያለው፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ሙያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ያጣፉታል፤ አንዱ ጫፍ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ትከሻ ተሻግሮ ደረት ላይ እንዲገናኝ። ለቅሶ ቤት ሲኬድ ያዘቀዝቁታል፤ ሁልጊዜ ታች የሚውለው ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል፤ የሚያልፈው ሰው ሳይጠይቅ ሐዘንተኛ መሆናቸውን ያውቃል። በታላቅ ሰው ፊት ያደገድጉታል፤ ወገብ ላይ ዞሮ ሲታሰር ሰውዬው ለማገልገል ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው። ሲበርድ ይከናነቡታል፤ ሥራ ሲኖር ይታጠቁታል፤ ደስታ ሲሆን ጥለቱ እንዲታይ ትከሻ ላይ ጣል ያደርጉታል። ጨርቁ አንድ ነው። የሚለወጠው እጁ ነው።

አንዲት በዚህ የሠለጠነች እናት በአንድ እጇ የገበያ ከረጢት፣ በሌላው ልጅ ይዛ ስትሄድ ነጠላው ከራሷ ላይ ሲንሸራተት አይታችሁ ይሆናል። አትቆምም። አገጯን ወደ ትከሻዋ ታመጣለች፣ ከረጢቱን እንደያዘች በእጇ ጀርባ ጫፉን ገፋ አድርጋ ትመልሰዋለች፤ ጥለቱ የቅድሙ ቦታ ላይ ያርፋል። መርፌ ቁልፍ የለም፣ እስፒል የለም። ይህን የሚያስችለው እጇ ብቻ አይደለም፤ ፈትሉም ነው። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ገጹ ሻከር ስለሚል ጨርቅ ጨርቅን ይይዛል፤ እጥፋቱ ራሱን ይደግፋል። የተፈጥሮ ክር ያልሆነ ለስላሳ ሻርፕ በዚያው መንገድ ቢጣል ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወርዳል። ፈታዪዋ ክሩን እንደሻከረ ስትተወው እናቲቱ ትከሻዋ ላይ የምትሠራውን ሥራ አብራ አዘጋጅታላታለች።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በዚያው በሞርስ ጎዳና የሚኖሩት ሶማሌዎች ትከሻ ላይ የሚቋጠር፣ ወገብ ላይ የሚዞር ጉንቲኖ አላቸው፤ የህንድ ሴቶች ሳሪ፣ የጥንት ሮማውያን ቶጋ ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ጨርቁ ሳይቆረጥ፣ ልብስ የሚሆነው ገላ ላይ። አውሮጳም ጨርቅን እንደ ገላ ቅርጽ መቁረጥና እጅጌን ለብቻ መግጠም የጀመረችው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እንግሊዝኛ የእጅ ግሶች አላጡትም። «ገርድ» ወገብን መታጠቅ ነበር፤ «ሾድ» የተጫማ ማለት ነው። ዛሬ እነዚህ ቃላት ይበልጥ የሚገኙት እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንጂ ኢስተን የልብስ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ አይደለም። መርፌ የለባሹን ሥራ ሲረከብ ግሶቹም ከዕለት ንግግር እየወጡ የሄዱ ይመስለኛል።

አማርኛ ግሶቹን እስካሁን ይዟል። ቆብ ይደፋል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ ቀለበት ይጠለቃል፣ መቀነት ይታጠቁታል፣ ጥምጥም ይጠመጠማል፣ ሽርጥ ይገለደማል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ሻሽ ይታሰራል። እያንዳንዱ ግስ የእጅን አቅጣጫ ይነግራል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ዙሪያ፣ ወደ ውስጥ፣ በላይ ላይ። የተቆረጠ ልብስ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ስሙን ያወጣንለት በአቆራረጡ ነው፤ እጀ ጠባብ የተባለው ሸሚዝ እጅጌው ስለጠበበ ነው። ለእሱ የተለየ ግስ አልፈጠርንም፤ «መልበስ» በቃው። አሁን ደግሞ «አደረገ» የሚለው ሁሉን ጠቅላይ ግስ በዚያ ላይ እየሠለጠነ ነው። ኮፍያ አደረገ፣ ጫማ አደረገ፣ ነጠላ አደረገች። ኮሎምበስ የተወለዱ ልጆች አማርኛ ሲናገሩ ከዚህ ውጭ የሚሰሙት ግስ ጥቂት ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ካልሲና ጃኬት እጃቸውን ምንም አላስተማራቸውም።

የሁለቱ ሙያዎች መገናኛ ዛሬ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ሸማው በሸማኔ ይሠራል፤ ከዚያ በልብስ ሰፊ ይቆረጣል፤ ወገቡ ይገባል፤ ጥለቱ ከአንገት ወደ እግር ይወርዳል፤ ጀርባው ላይ ዚፕ ይገባል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው ለምለም ደግሞ የኢትዮጵያን የእጅ ሸማ በውጭ አገር አቆራረጥ ለዓለም ገበያ አቅርቧል። ይህ ጋብቻ ከሁለቱም ወገን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእጅ ሸማ ላላ ስለሚል በመቀስ ሲነካ ጠርዙ ይፈታል፤ ስለዚህ ጥሩ ሰፊ ከመስፋቱ በፊት ጠርዙን ይዘመዝማል፤ የጥለቱን ሁለት ወገን ደረት ላይ ሲያገናኝም ባለመስመሩን ኮት እንደሚሠራው ሰው ቅርጹን ከቅርጽ ያጋጥማል። ግማሽ መስቀል በግማሽ አልማዝ ላይ የተሰፋበት ቀሚስ ሰፊው የሸማኔውን ሥራ እንዳላየው ይመሰክራል።

ለገዢ የሚረዳ ምርመራም አለ። ጨርቁ ይገልበጥ። ጥለቱ የተሸመነ ከሆነ ባለቀለሙ ክር ከማጉ ጋር ተኝቶ፣ ከጨርቁ ጋር አብሮ ሲታጠፍ ይታያል። በመኪና የተጠለፈ ከሆነ ከጀርባው ሌላ የታች ክር አለ፤ ጥለቱም ደረቅ ብሎ ለብቻው ይቆማል። በፋብሪካ የታተመ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ቀለሙ ደብዝዞ ይታያል እንጂ ክር የለም። የታተመው ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ለብዙ ቤተሰብም አቅም የሚፈቅደው እሱ ነው፤ በዚህ ማንንም መንቀፍ አይገባም። የእጅ ሥራ ብሎ በእጅ ሥራ ዋጋ የሚሸጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ከሸማኔውም ከገዢውም መስረቅ ነው።

በዓል ሲደርስ የኮሎምበስ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ቀሚስና ነጠላ ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፤ ለእህት ይደወላል፣ ልክ ይላካል፣ የሚመጣ ሰው ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ደክሞ የመጣ ነጠላ ብዙ ጊዜ ልጅቷ ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዝና ያልቃል፤ የተረፈው ሥራ ሳይሠራ። የጨርቁን ዋጋ የከፈለ ወላጅ አንድ ሩብ ሰዓት ቢጨምርና ልጁን ፊቱ አቁሞ ማጣፋትን ቢያሳያት፣ ማዘቅዘቅን ከማጣፋት ለይታ እንድታውቅ ቢያደርግ፣ እጇ ሲለምድ ግሱም አብሮ ይገባል። ኢስተን የሚሸጠውን ኮት ጎበዝ ሰፊ ሰፍቶ ጨርሶታል፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። የነጠላው ግማሽ ሙያ ግን አይሸጥም። የሚገኘው ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ አሁን ኮሎምበስ ውስጥ፣ እዚሁ አጠገባችን አሉ።